የታሪክ ክበብ ዓመት፦ "ንግግሩን ማን ቀዳው?"

ነገሩ የጀመረው ስድስት ኪሎ ነው። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲውን እንዲያዩ ይዘናቸው ሄደን ኬኔዲ ላይብረሪ ስንደርስ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ "ቲቸር፣ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ሲባል ኤፏ ምንድን ናት?" አለችኝ። ፊትዝጄራልድ፣ የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው አልኳት። "እሱስ ከየት መጣ?" ክበባችን በየዓመቱ የአንድ ሰው ሕይወት ነው የሚያጠናው፣ የዘንድሮው ሰው፣ ሞሪስ ፊትዝጄራልድ፣ በዚሁ ተገኘ። (ኬኔዲ የዚህ ሰው ዘር ነው እያልኩ አይደለም፤ ስሙን ወደ አየርላንድ ይዘው የገቡት ግን እሱና ቤተሰቡ ናቸው።)

ሞሪስ ፊትዝጄራልድ የ12ኛው መቶ ዘመን ወታደር ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አባቱ ዌልስ ውስጥ የፔምብሮክን ምሽግ የሚጠብቅ ኖርማን ነው፣ ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን ከያዙት ወገን። እናቱ ኔስት ደግሞ የደቡብ ዌልስ ንጉሥ ልጅ ናት። የወላጆቹ ነገር ብቻውን ብዙ ሳምንት በላብን። በ1109 ኦዌን የሚባል የዌልስ መስፍን በሌሊት ገብቶ ኔስትን ሲጠልፋት፣ ባልየው ያመለጠው በሽንት ቤቱ ቀዳዳ ሾልኮ ነው። ይህን በሚኒ ሚዲያ ያቀረበው ልጅ እስከ ዛሬ በዚሁ ነው የሚታወቀው።

ወደ አየርላንድ የወሰደው የሰው ጠብ ነው። ከአየርላንድ ግዛቶች አንዷ የሆነችው የሌንስተር ንጉሥ ዴርሞት ማክመሮ በ1166 ከዙፋኑ ተባረረና ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ ዳግማዊን ለመነ። ሄንሪ ራሱ አልዘመተም፣ ሰው መመልመል ትችላለህ ብሎ ፈቀደለት። በዚያን ጊዜ እነ ሞሪስ ዌልስ ውስጥ መፈናፈኛ አጥተው ነበር፤ ያጣበባቸውም የገዛ የአክስት የአጎት ልጃቸው፣ ልዑል ሪስ ነው። ዴርሞት የዌክስፎርድን ከተማ ከነአካባቢው እሰጣችኋለሁ ሲላቸው ዓይናቸውን አላሹም። በ1169 በእናት የሚገናኙት ወንድሙ ሮበርት ቀደመ፣ ሞሪስ በሁለት መርከብ ተከተለ። 10 ፈረሰኛ ባላባት፣ 30 ፈረሰኛ ቀስተኛ፣ 100 የሚሆን እግረኛ ቀስተኛ። "ይሄ'ኮ የኛን ሁለት ሴክሽን አይሞላም" አለ አንዱ።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን የደብሊን ከበባ ላይ ስንደርስ ነው። በ1171 የአየርላንዱ ከፍተኛ ንጉሥ ሮሪ ኦኮነር እነ ሞሪስ ያሉባትን ከተማ ሁለት ወር ገደማ ከበበ፤ ስንቅ አለቀ፣ ሮበርት ሌላ ቦታ ተከቦ ነበር። ሞሪስ ተነሥቶ ከማንም እርዳታ አትጠብቁ፣ ለአይሪሾቹ እንግሊዝ ነን፣ ለእንግሊዞቹ ደግሞ አይሪሽ፣ ወጥተን እንግጠማቸው አለ ይባላል። ጥቂት ሆነው ወጡ፤ ሰፈሩን ሳይታሰብ በተኑት፤ ንጉሡ ገላውን እየታጠበ ነበር የሚሉም አሉ። ክፍሉ በሙሉ በንግግሩ ተማረከ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ዝምተኛ ልጅ ብቻ "ንግግሩን ማን ቀዳው?" አለች። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓመቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነዋ።

የቀዳው የሞሪስ የእህት ልጅ ነው። ጄራልድ የሚባል የዌልስ ቄስ አየርላንድን ያየው በ1183 ነው፣ ያኔ ሞሪስ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፦ በእሱ ጽሑፍ አየርላንድን የያዙት አጎቶቹና የአጎት ልጆቹ ናቸው። ሞሪስም ቁጥብ፣ ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚሠራ ሰው ነው (ያን የመሰለ ንግግር ያደረገው ሰው ማለት ነው)። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሌላ ረጅም የግጥም ታሪክ ደግሞ አለ። እዚያ ውስጥ የዚያኑ ቀን "እንውጣ" ያለው ማይሎ ደ ኮጋን የሚባል ሌላ ሰው ነው። ልጆቹ ሁለቱን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። የቱ ትክክል ነው እያሉ ወጥረው ያዙኝ፤ ራሳችሁ ፍረዱ ብዬ ተውኳቸው፣ ተኳረፉም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዘመድ የሌለበትን አምናለሁ፤ ግጥሙም ቢሆን የራሱን ሰው ማሞገሱ ባይቀርም።

የቀረው በአጭሩ ይሄ ነው። ዴርሞት ከከበባው በፊት ሞቶ ነበር፤ ሄንሪ ወታደሮቹ የራሳቸውን መንግሥት እንዳያቆሙ ሠግቶ በ1171 መገባደጃ ራሱ መጣ። ሞሪስ ኋላ ናስ የተባለውን አገር በጉልት አገኘና በ1176 ዌክስፎርድ ላይ ሞተ። ዘሮቹ የኪልዴርና የዴዝመንድ መሳፍንት ሆኑ። በ1798ቱ የአየርላንድ አመፅ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ፊትዝጄራልድም ከዚሁ ቤት ነው። ቤተሰቡ በ1740ዎቹ ደብሊን ላይ ያሠራው ሌንስተር ሃውስ ዛሬ የአየርላንድ ፓርላማ ነው።

በወላጆች ቀን አንድ አባት ወረቀቱን ቆመው ካነበቡ በኋላ "ታዲያ ይሄ ሰው ወራሪ ነው የተጠራ እንግዳ?" ብለው ጠየቁ። ሁለት የክበቡ አባላት እኩል አፋቸውን ከፈቱ፣ አንዱ "ወራሪ" ሌላዋ "እንግዳ" እያሉ። አባትየው ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብለው ሄዱ፣ ልጆቹ ግን አዳራሹ እስኪዘጋ አልተላቀቁም።

የሚቀጥለው ዓመት ሰው ገና አልተመረጠም። ስም ያላችሁ ሬጅስትራር አጠገብ ያለችው ሳጥን ውስጥ ጣሉ፤ ስለ ሰውየው ማን እንደጻፈም አብራችሁ ጻፉ።