ያሸነፈ ቡድን ይነካል?

አትላንታ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬ፣ ባለቤትህ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአሜሪካኖቹ የኮሌጅ ፉትቦል ሊጀመር ቀናት ስለቀሩት እዚህ ሌላ ወሬ የለም። ያን የአላባማና የጆርጂያ ጨዋታ ቪዲዮ አይተህ «ሲያሸንፍ የኖረውን ልጅ በእረፍት ሰዓት ለምን አስወጡት? ያሸነፈ ቡድን ይነካል እንዴ?» ላልከኝ በስልክ ልመልስልህ ስል መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። ይኸው በጽሑፍ።

ጨዋታውን ባጭሩ ላስታውስህ። ስሙ ፉትቦል ይባል እንጂ ዋናው ሥራ በእጅ ነው። አጥቂው ቡድን 4 ሙከራ አለው፤ በ4ቱ 10 ያርድ ካልገፋ ኳሷ ለተጋጣሚ ትሰጣለች። ያርድ ማለት ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ኳርተርባኩ፣ በየሙከራው ኳሷን ተቀብሎ ወይ ለሯጭ ይሰጣል፣ ወይ ራሱ ይሮጣል፣ ወይ ይወረውራል። አንተ በእግር ኳስ ለምታሠለጥናቸው ልጆች ሁለት አጥቂ ማሰለፍ ትችላለህ፤ እዚህ ግን ኳርተርባክ አንድ ነው። ተጠባባቂው ሃያ ደቂቃ እየገባ የሚላመድበት ቦታ አይደለም። ለዚህ ነው ማን ቋሚ ይሁን የሚለው ነገር ባልና ሚስት የሚያጣላው።

ያየኸው ጨዋታ በፈረንጆች ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 እዚሁ አትላንታ፣ መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም የተደረገው የአላባማና የጆርጂያ የብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ ነው። የአላባማ ቋሚ ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ ነበር። ከእሱ ጋር በሁለት ዓመት ቡድኑ የተሸነፈው 2 ጊዜ ብቻ ነው። በእረፍት ጆርጂያ 13 ለ 0 ይመራ ነበር። አሰልጣኙ ኒክ ሴበን ኸርትስን አስቀምጦ ቱዋ ታጎቫይሎአ የሚባለውን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አስገባ። አላባማ በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸነፈ። ጥያቄህ «ለምን?» ነው። መልሱ ውጤቱ ላይ የለም፤ ውርወራው ላይ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ልስጥህ፣ በኋላ እንዳትታለልበት። የኮሌጅ ወርዋሪ በአንድ ቀመር ይመዘናል። የተገኘውን ያርድ በ8.4፣ ታችዳውኑን (ኳሷ ግብ ክልል የገባችበትን) በ330፣ የተያዘለትን ውርወራ በ100 አባዝተህ ትደምራለህ። የተጠለፈበትን (ተጋጣሚ የያዘበትን) በ200 አባዝተህ ትቀንሳለህ። የቀረውን ለወረወረው ብዛት ታካፍላለህ። ኸርትስ በፈረንጆች 2017 የውድድር ዓመት 255 ጊዜ ወርውሮ 154 ተይዞለታል፤ 2,081 ያርድ፣ 17 ታችዳውን፣ የተጠለፈበት 1 ብቻ። አስላው፣ 150.2 ይመጣል። ቱዋ በዚያች ሌሊት 24 ወርውሮ 14 ተያዘለት፤ 166 ያርድ፣ 3 ታችዳውን፣ 1 ጠለፋ። እሱንም አስላው፣ 149.4 ነው። በቀመሩ ዓይን የአንዱ ዓመትና የሌላው ሌሊት እኩል ናቸው ማለት ነው። ልዩነታቸውን ቀመሩ አያሳይህም።

አሁን ያቺን «የተጠለፈበት 1» የምትለዋን ቁጥር ልብ በል። ብዙ ሰው ያደንቃታል፤ እኔ እጠረጥራታለሁ። በ255 ውርወራ አንዴ ብቻ መጠለፍ ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል፤ አለመድፈርም ሊሆን ይችላል። ባዶ ቦታ የቆመ ሰው ካላየ በቀር የማይወረውር፣ የመጀመሪያው ተቀባይ ሲዘጋበት ኳሷን ብብቱ ሥር ከትቶ የሚሮጥ ልጅ አይጠለፍም። ኸርትስ በዚያው ዓመት በእግሩ 855 ያርድ ሮጧል፤ እግሩ በአብዛኛው ተጋጣሚ ላይ በቂ ነበር። በፍጻሜው የመጀመሪያ አጋማሽ ግን 8 ወርውሮ 3 ብቻ ተያዘለት፣ ያውም ለ21 ያርድ። በቀመሩ 60 እንኳ አይሞላም። ሜዳውን በክንዱ ማስፋት ያቃተው ቡድን ተከላካዮቹን ሁሉ ወደ ፊት ይጋብዛል፤ ያኔ ሯጩም መንገድ ያጣል።

ታዲያ ውርወራን እንዴት ትመዝናለህ? ኳሷን አትከተል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታይ እግሩን ብቻ እይ። አንተ በልጅነትህ ማማ ላይ ወጥተህ በወንጭፍ ወፍ ጠብቀሃል፤ ኃይል ከክንድ እንደማይነሣ ላንተ አልነግርህም። ኳርተርባኩ 3 ወይም 5 እርምጃ ወደ ኋላ ይወስዳል፤ የኋላ እግሩ መሬት እንደረገጠ ኳሷ ልትወጣ ዝግጁ መሆን አለባት። የመጀመሪያው ተቀባይ ከተዘጋ አንድ አጭር ዝላይ ወደ ፊት፣ ዓይን ወደ ሁለተኛው፤ ሌላ ዝላይ፣ ወደ ሦስተኛው። እግርና ዓይን አብረው ሲሄዱ ታያለህ። የፊት እርምጃው ከረዘመ ኳሷ ከፍ ብላ ከተቀባዩ ራስ በላይ ታልፋለች። የሚመጣበትን ፈርቶ ወደ ኋላ እየተንገዳገደ ከወረወረ ሳትደርስ ትወድቃለች። ሰው «ዛሬ ክንዱ አልሠራለትም» ሲል በአብዛኛው ጥፋተኛው እግር ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ስታይ ሄልሜቱ ወዴት እንደዞረ ተመልከት። ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ላይ ያፈጠጠ ኳርተርባክ ለኋላ ተከላካዩ አድራሻ እየሰጠ ነው። ተከላካዩ ኳሷን አይጠብቅም፤ ዓይኑን አይቶ ይነሣል። ጎበዙ ወደ ማይወረውርበት አፍጥጦ ተከላካዩን እዚያ ያስረዋል፣ ከዚያ ይዞራል።

ሦስተኛው መመዘኛ ኳሷ የምትለቀቅበት ጊዜ ነው፤ በጣም የሚከብደውም ይኸኛው ነው። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ተቀባዩ ምን ላይ ነበር? ዞሮ ቆሞ ከሆነ ዘግይቷል። ሊዞር ሲል ወይም ገና ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ከሆነ ልጁ ያውቃል ማለት ነው። አንተ ራስህ ልጆቹን «ለእግሩ ሳይሆን ለሩጫው አቀብል» ትል የለ? ያው ነው። ኳሷ ከተሰጠችው ጀምሮ ያለው ጊዜ 2.5 ወይም 3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊቱ አጥር ሆነው የቆሙት 5 ግዙፎች መያዝ ያቅታቸዋል። ግማሽ ሰከንድ መዘግየት የተከፈተ በርን ይዘጋል።

ከዚያ ኳሷ የት አረፈች? «ተያዘ» የሚለው ቃል ብዙ ይደብቃል። በአግድም ለሚሮጥ ተቀባይ ኳሷ ከደረቱ ክንድ ያህል ቀድማ ከመጣች ሳይቆም 20 ያርድ ይሄድባታል። ወደ ኋላው ከመጣች ቆሞ፣ ዞሮ ይይዛታል፣ 6 ያርድ ላይ ይጥሉታል። በመዝገቡ ሁለቱም አንድ «ተያዘ» ናቸው። ወደ ዳር መስመር የሚወረወረው ደግሞ በውጪው ትከሻ በኩል፣ ወይ ተቀባዩ የሚይዘው ወይ ማንም የማይነካው መሆን አለበት።

የኮሌጅ ሜዳ አንድ ጣጣ አለው። እያንዳንዱ ሙከራ የሚጀምረው መሐል ሜዳ ላይ በተሰመሩ ሁለት የጭረት ረድፎች መካከል ነው። በፕሮፌሽናሉ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ 18 ጫማ ተኩል ብቻ። በኮሌጅ 40 ጫማ ይራራቃሉ። ስለዚህ ኳሷ ግራው ጭረት ላይ ከተነሣች በስተቀኝ 33 ያርድ ስፋት ይቀራል። 12 ያርድ ለመግፋት ወደዚያ ዳር የምትወረወር ኳስ፣ ወርዋሪው ወደ ኋላ ያፈገፈገውን ጨምረህ፣ በአየር ላይ 35 ያርድ ያህል ትጓዛለች። የክንድ መለኪያው ይህ ነው፤ ሰዉ የሚያጨበጭብለት 60 ያርድ ወደ ሰማይ የምትሄደው አይደለችም። ያቺን ወደ ሰፊው ጎን የምትሄድ ኳስ ቀጥ አድርጎ የማያደርስ ከሆነ ተከላካዩ ያንን ጎን ትቶ ጠባቡ ላይ ይከማቻል።

ልጆቹን መዝግብ እንደምትላቸው አንተም ደብተር ያዝ። ለየውርወራው፦ ስንተኛ ሙከራ ነው፣ ስንት ያርድ ይፈለጋል፣ ኳሷ በአየር ስንት ሄደች፣ የሚያሳድደው ነበር ወይ፣ ለስንተኛው ተቀባይ ወረወረ። ካልተያዘች ጥፋቱ የማን ነው? ወርዋሪው ሳተ፣ ተቀባዩ ከእጁ ጣላት፣ ወይስ ሆን ብሎ ወደ ውጭ ጣላት? የአየሩን ርቀት በ4 ክፈለው፦ ከመነሻ መስመር (ሙከራው ከተጀመረበት) በስተኋላ፣ እስከ 9፣ ከ10 እስከ 19፣ 20 እና ከዚያ በላይ። እንበል አንዱ 28 ወርውሮ 20 ተያዘለት፤ 71 በመቶ፣ ግሩም ይባላል። ከ20ዎቹ 11 ከመነሻ መስመር በስተኋላ አጠገቡ ለቆመ ሰው የተሰጡ ከሆኑ የቀረው 9 ከ17 ነው። 53 በመቶ። ይህ ሌላ ልጅ ነው። ሦስተኛ ሙከራ ላይ 7 ያርድና ከዚያ በላይ ሲፈለግ እንደሚወረወር ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ያንን ለብቻ ቁጠር፣ እውነቱ እዚያ ነው ያለው። በ30 ነጥብ እየመሩ የተወረወረውን ሰርዘው። ደግሞ በአንድ ጨዋታ አትፍረድ፤ ረጃጅሞቹ በጨዋታ ጥቂት ስለሆኑ አንዲት የተጣለች ኳስ መቶኛውን ታናጋዋለች።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙዎች ይወድቁበታል። ኳሷን እንደያዘ ሲጥሉት የጠፋው ያርድ በኮሌጅ የሚቀነሰው ከሩጫው እንጂ ከውርወራው አይደለም። ስለዚህ ኳሷን አቅፎ የሚዘገይ ልጅ የውርወራ ቁጥሩ ያማረ ይመስላል። የሩጫ ዓምዱን አብረህ ካላየህ ዘግይቶ የወደቀበትን አታገኘውም።

ቋሚነቱን ደግሞ አሰልጣኞች በጨዋታ ብቻ አይወስኑም። በጸደይ 15 ልምምድ ይፈቀዳል። እዚያ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቋሚው ነው፤ ሁለተኛው ከሁለተኛ ተቀባዮች ጋር ይሠራል። ታዲያ «ገና አልበሰለም» ይሉታል፤ ድስቱ እሳት ላይ ሳይጣድ! ሌላም ጉድለት አለ። በልምምድ ኳርተርባክ ለየት ያለ ቀለም መለያ ስለሚለብስ አይነካም፤ የተጠጉት ጊዜ ፊሽካ ይነፋና ያበቃል። ስለዚህ ከእጅ ማምለጥ የሚችለው ልጅ ችሎታው አይታይም፣ ሲመቱት የሚደነግጠውም አይጋለጥም። ኸርትስን በልምምድ ብቻ የመዘነ ሰው እግሩን አይቆጥርለትም ነበር።

የጭንቅላቱም ሥራ አለ። ከሙከራ ወደ ሙከራ 40 ሰከንድ ነው። ከ2024 ጀምሮ በትልልቆቹ ኮሌጆች አሰልጣኙ በሄልሜቱ ውስጥ ባለ ድምፅ ማጉያ ያናግረዋል፣ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ተከላካዮቹ ቢቀያየሩ የሚያስተካክለው ራሱ ብቻ ነው፤ ማን ማንን እንደሚያግድ ለ5ቱ የሚናገረውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ይህን የማይችል ክንደ ብርቱ ተጠባባቂ ሆኖ ቢቀር አይግረምህ።

ወደ ቪዲዮው ልመልስህ። ተጨማሪው ሰዓት የሚጀምረው ከግቡ 25 ያርድ ላይ ነው። ቱዋ በመጀመሪያው ሙከራ ኳሷን አቅፎ ቆየና 16 ያርድ ወደ ኋላ ጣሉት፤ የለየለት የጀማሪ ጥፋት ነው። ሁለተኛ ሙከራ፣ 26 ያርድ ይፈለጋል፣ ግቡ 41 ያርድ ይርቃል። ቀስ አድርገህ እየው። መጀመሪያ ዓይኑ ወደ ቀኝ ነው፤ የኋላ ተከላካዩ ዘገየ። ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ በመስመሩ ለሚፈተለከው ለዴቮንታ ስሚዝ ለቀቃት፣ ስሚዝ ሩጫውን ሳያቀዘቅዝ ተቀበላት። እግር፣ ዓይን፣ ጊዜ፣ ቦታ፤ አራቱም አንድ ላይ። ቱዋ ግራኝ ነው፤ ስለዚህ ጀርባውን የሚጠብቅለት የቀኙ ግዙፍ ነው፣ ኳሷም በተቃራኒ ትሽከረከራለች፤ ለቀኝ እጅ የለመዱ ተቀባዮች ልምምድ ያስፈልጋቸዋል።

ሴበን ትክክል ነበር ወይ? ለዚያች ሌሊት አዎ። ግን ኸርትስ መወርወር አይችልም ብለህ ብትዘጋው ተሳስተሃል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን፣ በዚሁ ስታዲየም፣ ከዚሁ ከጆርጂያ ጋር፣ ቱዋ 25 ወርውሮ 10 ብቻ ተይዞለት 2 ተጠለፈበትና ተጎዳ። አንድ ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ የነበረው ኸርትስ በመጨረሻው ሩብ ገብቶ ከ9 ውርወራ 7 አስያዘ፣ አንድ ታችዳውን ወረወረ፣ አንድ ራሱ ሮጦ አገባ፤ 35 ለ 28 አሸነፉ። በ2019 ወደ ኦክላሆማ ሄዶ 340 ወርውሮ 237 አስያዘ፣ 69.7 በመቶ። እርግጥ የኦክላሆማ አጨዋወት ተቀባይን ባዶ ሜዳ ላይ የሚያስቀምጥ ነው፤ ቢሆንም ወደ ሁለተኛው ተቀባይ መሻገሩን በዓይን ታየዋለህ። በ2025 ፌብሩዋሪ ላይ ቡድኑ ፊላዴልፊያ የፕሮፌሽናሉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ 40 ለ 22 ሲያሸንፍ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች የተባለው እሱ ነው። እንግዲህ በ2018 ጃንዋሪ የተፈረደው «ዛሬ ይህን ውርወራ አይወረውርም» ተብሎ ነው፤ «መቼም አይችልም» ተብሎ አይደለም። አንተም ልጆችህን ስትቀይር ሁለቱን ባትቀላቅላቸው ደስ ይለኛል።

የሁለቱንም ጨዋታዎች ሙሉ ቪዲዮ በሰው እልክልሃለሁ፤ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተህ እይ፣ ኮሜንታተሮቹ ከኳሷ ቀድመው ይፈርዳሉ። ደብተሩን ስትጨርስ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ከሦስተኛው ሙከራ ጀምር።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ