ስም ከመምረጣችን በፊት፦ ለደሴ የሥነ ፈለክ ክበብ አባላት

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ድንጋያማ አካል) አግኝተን ስም ለማውጣት የምናያቸው የሰማይ ምስሎች የሚመጡት ከሐዋይ ስለሆነ የጦሳ ተራራ ጉም አያግደንም፤ የሚያግደን ችኮላ ነው።

የአንድን የሰማይ ክፍል አራት ምስሎች አስትሮሜትሪካ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ደርድራችሁ እያፈራረቃችሁ እዩ። የዋናው ቀበቶ (በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው) አስትሮይድ ምስሎቹ በተነሱባት አጭር ጊዜ በቀጥታ መስመርና በእኩል ፍጥነት ይሄዳል። በአንዱ ምስል ብቻ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ነጥብ የካሜራ ጉድለት ወይም የኮስሚክ ጨረር (ከሕዋ የሚመጣ ቅንጣት) ምልክት ናት። እርምጃው ከተዛባ ወይም ድምቀቱ ከምስል ምስል ከዘለለ ተዉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። የልኬታችን ሪፖርት በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) ስለሚሠራ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ዓመቱም የፈረንጅ ነው።

አዲስ የተገኘ አስትሮይድ መጀመሪያ የሚሰጠው ጊዜያዊ መለያ (የቁጥርና የፊደል ኮድ) ስም አይደለም። እሱም ቢሆን በአንድ ሌሊት ልኬት አይገኝም፤ ቢያንስ የሁለት ሌሊት ያስፈልጋል። ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ምሕዋሩ በደንብ ሲታወቅ ነው፤ ይህ ዓመታት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ አግኚው ስም ለማቅረብ 10 ዓመት አለው።

ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ክፍት ቦታን ጨምሮ ከ16 ሆሄ አይበልጥም፤ አንድ ቃል ቢሆን ይመረጣል። ፖለቲከኛና የጦር ሰው ከሞተ 100 ዓመት መሙላት አለበት፦ በፈረንጅ 1918 ያረፉት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ያልፋሉ፣ በፈረንጅ 1935 የሞቱት ልጅ ኢያሱ ግን ገና ናቸው። የንግድ ማስታወቂያ ክልክል ነው፤ የድመታችሁም ስም አይበረታታም። ሐሳብ ያላችሁ ተመሳሳይ ስም ቀድሞ አለመያዙን አይታችሁ አምጡ።