ባቡሩ የወደቀበት ወንዝ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ የኔ ጌታ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቅዳሜ ዕለት ከአባትህ ጋር ከፖርትላንድ በጠዋት ተነስተን ኮቴጅ ግሮቭ ደርሰን መጣን። በስልክ ከምነግርህ ረጋ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

ባስተር ኪተን ትዝ ይልሃል? ልጅ ሆነህ ከአባትህ ጋር ፍርስ እያልክ የምትስቅበት፣ ፊቱ የማይፈታው የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን። «ዘ ጄኔራል» የተባለውን የባቡር ኮሜዲ የቀረጸው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በጋ። ታሪኩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ጆርጂያ ውስጥ የሆነ ነው። ለዚያ ዘመን የሚመጥን ሐዲድ ያገኘው ግን ኦሪገን ውስጥ፣ ግንድ የሚያመላልሱ ባቡሮች በሚሄዱበት መስመር ላይ ነው።

ሐዲዱ አሁን የለም። ተነቅሎ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከከተማው ተነስቶ በራው ወንዝ በኩል ወደ 16 ማይል ይዘልቃል። ባቡር ይሄድበት ስለነበር ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፤ አባትህ ጉልበቴን ሳይል ሄደልኝ።

ልቤ የቀረው ከልፕ ክሪክ አካባቢ ነው። ጁላይ 23 ቀን ኪተን እዚያ በእሳት የተያያዘ የእንጨት ድልድይ ላይ እውነተኛ ሎኮሞቲቭ አስነድቶ ወንዝ ውስጥ ከተተው። ሞዴል አይደለም፣ የካሜራ ማታለያም አይደለም። ድልድዩ አንዴ ከፈረሰ የሚደገም ነገር የለም። ወጪው 42 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል፤ ለዚያ ጊዜ ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተመልክቷል። ባቡሩም እዚያው ተጋድሞ ዓመታት ቆየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው ብረቱ ስለተፈለገ ያነሱት።

ማታ ቤት ገብተን ፊልሙን ደግመን አየነው። የሚወዳት ልጅ ፊት ስትነሳው ኪተን የባቡሩን ጎማዎች በሚያያይዘው ዘንግ ላይ ቁጭ ይላል። ባቡሩ ይንቀሳቀሳል። እሱ በሐሳብ ጭልጥ እንዳለ ዘንጉ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጎማው ድንገት ቢፈተለክ ኖሮ ሊገድለው ይችል ነበር። ደግሞ በሚሄድ ባቡር አፍንጫ ላይ ተቀምጦ፣ ያቀፈውን ግንድ ሐዲዱ ላይ በተጋደመው ግንድ ጫፍ ላይ ወርውሮ ሁለቱንም ከመንገድ ያስወግዳል። አንድ ውርወራ ብቻ! ሳቁ የሚመጣው ሰውየው እውነቱን ስለሚሠራ ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራው እንዲህ አያስቀኝም።

አንድ የከነከነኝ ነገር አለ። ጀግናው የደቡቦቹ ወገን ነው፤ ያ ወገን የተዋጋው ደግሞ ባርነት እንዳይቀር ነው። ፊልሙ ይህን አያነሳም። እየሳቅክም ይህን አትርሳ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አትላንታ ሆነህ ዋናው ባቡር አጠገብህ ነው። የሰሜን ሰዎች ኤፕሪል 12 ቀን 1862 የሰረቁት፣ ጄኔራል የተባለው እውነተኛው ባቡር ኬነሶ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። የተሰረቀውም እዚያው ነው፤ ያኔ ስሙ ቢግ ሻንቲ ነበር። ያሳደደው ቴክሳስ የተባለው ባቡር ደግሞ አትላንታ ሂስትሪ ሴንተር አለ። ማዞሪያ ጊዜ ስላልነበረ ወደ ኋላ እየነዱ ነው ያሳደዱት! ይህን ኪተን የፈጠረው ቢመስልህም በእውነት የሆነ ነው።

ፈተናህን ስትጨርስ ጓደኞችህን ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ፊልሙን እዩ። ጎማዎቹ ጎን ያለውን ዘንግ ጠጋ ብለህ እየውና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አባትህ ምን ያህል እንደሚወፍር ማወቅ ይፈልጋል።

የምትወድህ እናትህ