የአኒሜሽንና የፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «የወደፊቱ ልጅ ኮናን»ን ስንመዝን

ክበባችን በዚህ ዓመት ብዙ ፊልሞችን በጥቂት በጥቂቱ ከመዳሰስ ይልቅ አንድ ሥራ መርጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍል በጥሞና ለማየት፣ ጠንካራና ደካማ ጎኑንም በጽሑፍ ለመመዘን ወስኖ ነበር። የተመረጠው ሥራ ጃፓናዊው የአኒሜሽን ፊልም ሠሪ ሀያኦ ሚያዛኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከታታይ ፊልም በዳይሬክተርነት የመራበትና የጃፓኑ ማሰራጫ ጣቢያ ኤንኤችኬ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተላለፈው፣ ባለ 26 ክፍሉ «የወደፊቱ ልጅ ኮናን» ነው። አባላቱ በስልካቸው የሚከታተሉት አዳዲስ አኒሜዎችን (የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞችን) በመሆኑ ከእነርሱ ብቻ ሳይሆን ከብዙዎቹ ወላጆቻቸውም የሚቀድም ሥራ መመረጡ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር፤ ሆኖም ኮናን ገና በመጀመሪያው ክፍል ትልቅ ሻርክ አድኖ በጀርባው ተሸክሞ ሲመጣ ካዩ በኋላ ቅሬታው አልቀጠለም።

ታሪኩ የሚነሣው ከጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በተነሣ ጦርነት ከኒውክሌር የከፉ መግነጢሳዊ የጦር መሣሪያዎች ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይፈጃሉ፤ የምድር ዛቢያ ይዛነፋል፤ አህጉራትም ተሰነጣጥቀው ይሰምጣሉ። ከ20 ዓመት በኋላ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ከአያቱ ጋር ብቻ የሚኖረው ኮናን፣ ባሕሩ ወደ ዳርቻ የተፋትን ላና የተባለች ልጅ ያገኛል። ኢንዱስትሪያ የተባለችው የማሽን ከተማ ወታደሮች ላናን የሚያሳድዷት የፀሐይ ኃይልን ምሥጢር የሚያውቁት አያቷ ዶክተር ላኦ ያሉበትን ለማወቅ ነው። ወታደሮቹ ላናን ሲወስዷት በተፈጠረው ግጭት የኮናን አያት ይሞታሉ፤ ልጁም አያቱን ቀብሮ ብቻውን ወደ ባሕር ይወጣል።

ክበቡ ዓመቱን ሙሉ ሲከራከርበት የቆየው ጥያቄ፣ ይህን ያህል ሐዘን የተሸከመ ታሪክ ይህን ያህል ሲያስቅ መሳቁ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚል ነበር። እኔ የደረስኩበት ፍርድ ሳቁ ከሥራና ከረሃብ ሲመነጭ ታሪኩን እንደሚያጠነክር፣ አደጋን ለመሰረዝ ሲገባ ግን እንደሚያላላው ነው።

ለመጀመሪያው ምስክር የሚሆነው ከጂምሲ ጋር ያለው ክፍል ነው። ኮናን ከደሴቱ ወጥቶ የሚያገኘው የመጀመሪያ እኩያው፣ በአደን የሚኖረው ጂምሲ ነው፤ ሁለቱ ማን ይበልጣል እየተባባሉ ከተፎካከሩ በኋላ የማይለያዩ ወዳጆች ይሆናሉ። ሲበሉ እንደ ራብተኛ ልጅ ይበላሉ፤ ሲሮጡም ክብደታቸው መሬት ላይ ይታያል። የሥዕል ክንፍ አባላት ኮናን በእግሩ ጣቶች ብቻ የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይበትን ትዕይንት በየደብተራቸው ጠርዝ ገጽ በገጽ እየሣሉ ለመድገም ሞክረዋል፤ ያሱኦ ኦትሱካ በአኒሜሽን ዳይሬክተርነት የሠራው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የገባቸውም ያኔ ይመስለኛል። ይህ ደስታ ከኢንዱስትሪያ ጎን ሲቀመጥ ትርጉሙ ይጎላል። ከተማይቱ ከቀድሞው ዓለም ፍርስራሽ ፕላስቲክ እያስለቀመች የምትኖር፣ የአቶሚክ ኃይሏ እየተሟጠጠ የሄደ፣ ያመፁባትን ሰዎች ከመሬት በታች የምታኖር ናት። እርሻና የጋራ ሥራ ያለባት ሃይ ሃርበር ደግሞ ተቃራኒዋ ሆና ትቀርባለች። ጂምሲ እዚያ ሥራን ሲሸሽ የሚያስቀው ሳቅ ጸሐፊዎቹ መንደሩን እንደ ገነት እንዳይሰብኩት ረድቷቸዋል፤ ከማኅበሩ ወጥቶ ለወራሪዎች የሚያግዝ ኦርሎ የተባለ ወጣት እዚያው መኖሩም እንዲሁ።

ድክመቱ በጉልህ የሚታየው ኮናን ላናን ታቅፎ ከረጅሙ ባለ ሦስት ማዕዘን ሕንፃ ዘሎ በእግሩ ሲያርፍና ለጥቂት ጊዜ ከመደንዘዝ በቀር ምንም ሳይሆን ሲቀር ነው። አዳራሹ በሳቅ ተሞልቶ ነበር፤ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ከዚህ በኋላ ሊሞት እንደማይችል ስላወቅሁ አልፈራለትም» ስትል ጽፋለች። ይህ በዓመቱ ከተጻፉት አስተያየቶች ሁሉ የላቀው ነው ብዬ አምናለሁ። የአያቱ ሞት የሰጠውን ክብደት ይኸው ዝላይ መልሶ ይወስደዋልና።

ሁለተኛው ድክመት የኢንዱስትሪያ ገዥ የሆነው ሌፕካ ነው። ሥልጣን ከመፈለግ በቀር ለምን እንዲህ እንደሆነ አንዳችም አይነገረንም። ከእርሱ በታች የምትሠራው ሞንስሊ ግን በጦርነቱ ጊዜ ልጅ እንደነበረችና ምን እንዳየች በትዝታዋ ስለሚታይ፣ ከአሳዳጅነት ወደ ወዳጅነት ስትሻገር እናምናታለን። ለሞንስሊ የተሰጠው ጥቂት ደቂቃ ለሌፕካም ቢሰጥ ኖሮ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ከአንድ ክፉ ሰው ጋር ከሚደረግ ግብግብ ከፍ ይሉ ነበር።

ስለ ላና ክበቡ አልተስማማም። ከአባላቱ ብዙዎቹ፣ በተለይ ልጃገረዶቹ፣ በተደጋጋሚ መማረኳና ነጻ አውጪ መጠበቋ አላስደሰታቸውም። ሌሎቹ ደግሞ ኮናን ከባሕር በታች ታስሮ ትንፋሽ ሲያጥረው ከላይ አየር በአፏ እየያዘች እየጠለቀች ያተረፈችው እርሷ መሆኗን፣ አያቷንም በሐሳብ እንደምታገኛቸው አንሥተው ተከራክረዋል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ፤ ያ ትዕይንት በጣም የሚያምረው ብቸኛ በመሆኑ ነውና።

የመጨረሻው ክፍል በሠርግና በአዲስ ምድር ይዘጋል፦ የኮናን ደሴት ከባሕር ከፍ ብሎ ሰፊ የብስ ሆኖ ይገኛል። ይህ ስጦታ ማንም ያልደከመበት በመሆኑ፣ በእርሻና በጥረት የተሰበከውን ነገር ያዳክመዋል የሚለው ክርክር በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ከሁለቱም ወገን ታትሟል። በሚቀጥለው ዓመት አባላቱ በራሳቸው ሥዕል አጭር ፊልም ለመሥራት አቅደዋል፤ የታሪኩ ረቂቅ ተጽፎ አልቋል፤ ከ9ኛ ክፍል አዲስ ሣዮችን የምንመዘግበውም በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ነው።