የእንግሊዝኛ ክበብ፦ ከአንድ ግስ ጋር የከረምንበት ዓመት

የእንግሊዝኛ ክበባችን እስከ አምና በየሳምንቱ አንድ ገጽ ቃል ይሸመድድና በሳምንቱ ይረሳው ነበር። ዘንድሮ ግን ጥቂት ግሶችን ከነትርጉማቸው፣ ከነአመጣጣቸውና ከነአጠቃቀማቸው ልናጠና ተስማማን። በ«ቦይኮት» (ተባብሮ ከአንድ ሰው ወይም ነገር መራቅ) ጀመርን፤ ከእሱ ሳንላቀቅም ሁለተኛው ሴሚስተር ገባ።

አባላቱ ቃሉን በዜና ያውቁታል፤ የሰው ስም ነው ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም። ቻርልስ ቦይኮት አየርላንድ ውስጥ በማዮ አውራጃ የአንድ ሎርድ መሬት አስተዳዳሪ፣ በእኛ አነጋገር ምስለኔ ቢጤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ጭሰኞቹ የመሬት ኪራይ ይቀነስልን ቢሉት የጠየቁትን ያህል አልቀነሰም፤ ይባስ ብሎ ያልከፈሉትን ሊያስነቅል ተነሣ። እነሱም ተዉት። አጫጁ ቀረ፣ የቤት ሠራተኛው ወጣ፣ ባለሱቁ አልሸጥልህም አለ። አዝመራውን የሰበሰቡለት ከሌላ አካባቢ በወታደር ታጅበው የመጡ 50 ሰዎች ናቸው። 500 ፓውንድ ለሚያህል ምርት የጥበቃው ወጪ ወደ 10,000 ፓውንድ እንደደረሰ ይነገራል። ዓመቱ ሳያልቅ ሰውየው አየርላንድን ለቆ ሄደ።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ይኼማ ከዕድር ማስወጣት ነው፤ ቡና አይጠሩትም፣ እሳት አይጭሩለትም» አለች። ሌላው ደግሞ ከአያቱ የሰማውን አንሥቶ፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ መነሣቱ ቦይኮት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዓመቱ ክርክር ሁሉ የደመቀው ይኸኛው ነው፤ አብዛኛው በእንግሊዝኛ መካሄዱ ደግሞ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እንደ እኔ የግብር ገማቾችን አናስጠጋም ማለት ለቃሉ ይቀርባል፤ ጠመንጃ ከተነሣ በኋላ ግን ስሙ አመፅ ነው።

በአጠቃቀም ያስቸገረችን «ፍሮም» ናት። በአማርኛ «ከውድድሩ ራሳችንን አገለልን» ስለምንል ተማሪው «ቦይኮትድ ፍሮም» ብሎ ይጽፋል፤ ግሱ ግን ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ ነው የሚወስደው። መነሻው የሰው ስም ቢሆንም በትንሹ «ቢ» ይጻፋል። መለማመጃችን «ኢትዮጵያ ቦይኮትድ ዘ ሞንትሪያል ኦሊምፒክስ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ሲቀሩ፣ ምሩፅ ይፍጠርም ሳይሮጥ ቀረ። በ1980 ደግሞ አሜሪካ ቦይኮት ባደረገችው የሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ይህን ካወራን ወዲህ «ፍሮም» የጨመረ የለም ማለት ይቻላል።

የስፔሊንግ ውድድሩና የሰልፍ ላይ ንባቡ እንደወትሮው ተካሂደዋል። ለመጪው ዓመት አባላቱ ከሉዊ ፓስተር ስም የመጣውን «ፓስቸራይዝ» (ወተትና የመሳሰለውን አሙቆ ጀርሙን መግደል) መርጠዋል፤ የባዮሎጂ መምህራችንም ሊያግዙን ቃል ገብተዋል።