«ምን ተሰማህ?» ካሉት አንዷ እኔ ነኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊያችሁ ጋዜጠኞች ታዋቂ ሰው ባገኙ ቁጥር «ምን ተሰማህ?» ከማለት ውጪ ጥያቄ የላቸውም ብሎ ሲያሾፍ አነበብኩ። ሳቅኩ። ከወር በፊት ቢሆን ኖሮ ቆርጬ ዶርም በር ላይ እለጥፈው ነበር። አሁን ግን ከነከነኝ፣ ምክንያቱም ባለፈው እሁድ እዚሁ ጅማ ስታዲየም ውስጥ ያንኑ ጥያቄ በገዛ አፌ ሦስት ጊዜ ጠይቄአለሁ።

የሦስተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ጨዋታው ተዋንያንና ዘፋኞች ከድሮ ኳስ ተጫዋቾች ጋር የገጠሙበት፣ ገቢው ለእርዳታ የሚውል ነበር። ለክፍል ሥራ ዘገባ ልሠራ ሄድኩ። ደብተሬ ላይ 14 ጥያቄ ጽፌ ሌሊቱን ሳጠና አድሬአለሁ። በሩ ላይ ጥበቃው «ባጅሽ የታለ?» አለኝ። የተማሪ መታወቂያዬን አሳየሁት። «ይሄ ለካፌ ነው» አለኝ። ኧረ ጋሼ፣ ኧረ በናትህ ብዬ ግማሽ ሰዓት ስለማመጥ ዝናቡ ወረደ። አሳዝኜው ነው መሰለኝ አስገባኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ዳር ምን እንደሚመስል ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም። ዝነኛው ላብ በላብ ሆኖ ወደ መልበሻ ክፍል ይጣደፋል፣ አሥር ስልክ አፍንጫው ሥር ተደቅኗል፣ ሕፃናት ማሊያውን ይጎትታሉ፣ ከኋላዬ አንድ ካሜራማን በክርኑ ጎኔን እየጎሸመ ይገፋኛል፣ እኔ ደግሞ ከ14ቱ ጥያቄ አንዱም ትዝ አይለኝም። ደብተሩ በስብሶ ቀለሙ ፈሷል። በቲቪ ብቻ የማውቀው ኮሜዲያን ፊቴ ቆሞ ዓይኔን አየኝ። አፌ በራሱ ጊዜ «ምን ተሰማህ?» አለ። በጣም ደስ ብሎኛል፣ የጅማ ሕዝብ እንግዳ ተቀባይ ነው ብሎ ሄደ። ዘፋኟም ደስ ብሏታል። ተዋናዩም ደስ ብሎታል። እኛም ሦስት ጊዜ እንግዳ ተቀባይ ተባልን።

አራተኛው የድሮ ተከላካይ ነው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታል። ሳየው 2010 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በዚያው ዓመት፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ ዋንጫውን ሲወስድ እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ በረንዳው ላይ ይንጎራደድ ነበር። ተከላካዩ ያኔ ሌላ ክለብ ነው። «ያን ቀን የጅማን ውጤት የት ሆነህ ሰማህ?» አልኩት።

የጫማውን ክር ለቀቀና ቀና አለ። እኛም ሜዳ ላይ ነበርን አለኝ። ወጌሻችን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ጅማ ጎል ባገባ ቁጥር ከመስመሩ ዳር አንድ ጣት ይጨምርልናል፣ እኛ ኳሱን ትተን የሱን ጣት እንቆጥራለን፣ አሠልጣኙ ይጮህብናል። ከዚያ ወደ አፋን ኦሮሞ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት፣ ወሬው ደራ። ከአሥር ደቂቃ በላይ አወራኝ።

ማታ ቅጂውን ስከፍት የሱ ድምፅ የለም። የስልኬ ሚሞሪ ሞልቶ ነበር። የሞላው ምን መሰላችሁ? ከጨዋታው በፊት ከዝነኞቹ ጋር የተነሳኋቸው 43 ሰልፊዎች! ደስ ያላቸው ሦስቱ ግን ጥርት ብለው ተቀድተዋል። መምህሬ ያልተቀዳና ማስታወሻ ያልተያዘበትን ነገር አታስገቢ ስላለኝ የወጌሻው ጣት ከዘገባዬ ወጣ። እዚህ ያለ ጥቅስ ምልክት የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ጸሐፊያችሁ ልክ ነው፣ ጥያቄው ባዶ ነው። ግን ሁሌ ከስንፍና አይመጣም። እዚያ ያለው ጊዜ ምራቅ ለመዋጥ አይበቃም፣ እኛ ደግሞ ቃለ መጠይቅ የተለማመድነው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ ጓደኛችንን ሚኒስትር እያደረግን ነው። እባካችሁ፣ እሱ በዚያ ግርግር መሐል ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ሦስት አራት ምሳሌ ይጻፍልን።

የተከላካዩን ስልክ ቁጥር መቀበልም ረስቻለሁ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ሰልፊዎቹን አጥፍቻቸዋለሁ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ፣ ከጅማ