«ጭረት ያለ ነው» አትበሉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ላሜራ አጣፊ ነኝ። ስለ እጅ ሙያ ስትጽፉ ሳላነብ አላልፍም፤ ዛሬ ደግሞ እኔም የከነከነኝን ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ከደንበኛም ከሙያ አጋሮቼም አፍ ስሰማው የኖርኩት አንድ አባባል አለ፤ «ላሜራ ሲታጠፍ ጭረት ያለ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛውን ጭረት የምናመጣው እኛው ነን፤ ማስቀረትም እንችላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሜራው በዳዩ፣ ማለትም በማጠፊያ ማሽኑ የታችኛው ቅርጽ ማውጫ፣ «ቪ» ቅርጽ ባለው ቦይ ላይ ይተኛል። ፓንቹ፣ ማለትም የላይኛው መጫኛ፣ ሲጫነው በሁለቱ የቪ ትከሻዎች (የቦዩ አፍ ጠርዞች) ላይ እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከታች ያን ሁሉ ጉልበት የሚሸከሙት እነዚያ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ከእጥፋቱ በውጭ በኩል፣ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ የምታዩዋቸው ሁለት መስመሮች የዚያ አሻራ ናቸው። ትከሻው ስል ከሆነ ወይም ከተጎዳ ላሜራውን ይፍቀዋል። ማሽኑን አጥፉና ጥፍራችሁን በትከሻው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳብ አድርጉት። ጥፍራችሁ ከያዘ ላሜራውም እዚያው ይያዛል።

ጀማሪ ሳለሁ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ፊቱ የተቦረሸ ስቴንለስ ላሜራ እንዳጥፍ ተሰጠኝ። ከእኔ በፊት በዚያው ዳይ ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ ብረት) ሲታጠፍ ነበር የዋለው፤ የተላጠው ዚንክ ትከሻው ላይ ተጣብቋል። ማንም እንድጠርገው አልነገረኝም፣ እኔም አላየሁትም። ሁሉም ላይ ያው ጭረት፣ ያው ቦታ ላይ ወጣ። ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ከረምኩ፤ ጭረቱ ቢጠፋም የብሩሹ መስመር ተመልሶ አልገጠመም። አለቃዬ ላሜራውን ወቀሰ። ጥፋቱ ግን የላሜራው አልነበረም፤ አንድ ንጹህ ጨርቅ ነበር የጎደለን።

ስለዚህ መጀመሪያ መጥረግ። ዳዩንም፣ ፓንቹንም፣ ላሜራውንም። ጥቁር ብረት የታጠፈበትን ዳይ ሳያጸዱ ስቴንለስ ማጠፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የብረቱ ብናኝ ስቴንለሱ ውስጥ ይቀበርና ከጊዜ በኋላ ዝገት ሆኖ ብቅ ይላል። ያኔ ደንበኛው «ስቴንለስ ብላችሁ ሸጣችሁልኝ» ብሎ ይመጣል፣ እውነቱንም ነው።

ሁለተኛው የቪ ስፋት ነው። የተለመደው ከላሜራው ውፍረት 8 እጥፍ ነው፤ ለ2 ሚሊ ላሜራ 16 ሚሊ ቪ ማለት ነው። ወደ 24 ብትወጡ የሚያስፈልገው ጉልበት በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፣ ትከሻው ላይ የሚያርፈውም ጫና አብሮ ይቀላል። ግን ልብ በሉ፣ የውስጡም ኩርባ ይሰፋል። ለተራ ብረት የቪውን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚሆን የመቁረጫ ልካችሁን እንደገና ማስላት አለባችሁ። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ሥራው ሳይገጥም ሲቀር ማሽኑን ይራገማል።

መታየት ያለበት ፊት ከሆነ እኔ ዳዩ ላይ የፖሊዩሬቴን ፕላስቲክ ሳላነጥፍ አልጀምርም። ግማሽ ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው ይበቃል። ብረት ከብረት ጋር አይገናኝም፣ አለቀ። አንግሉን ትንሽ ስለሚቀይረው ግን በቁራጭ ሞክሩት፤ ሲበላም ጎተት አድርጋችሁ ያልተነካውን ቦታ አምጡ። ከላሜራው ጋር የሚመጣውን ስስ ፕላስቲክ ደግሞ ሥራው ሳያልቅ አትላጡት። ከአያያዝ ጭረት ያድናል፤ ትከሻው ላይ ግን ሊቀደድ ስለሚችል እሱን ብቻ አትመኑ። ላሜራው ሲታጠፍ አብሮ የሚዞር ሮለር ያለው ዳይም አለ፤ ግሩም ነው፣ ግን ውድ ነው።

እጥፋቱ ሲያምር ላሜራውን ከክምሩ ላይ በመጎተት የሚያበላሸውም አለ። ለሁለት አንሱት እንጂ አትጎትቱት! ሲቆረጥ የቀረው ስል ጠርዝም መወልወል አለበት፤ ያ ካልሆነ ቢያንስ ወደ ፓንቹ በኩል ይዙር።

ደንበኞችም አንድ ነገር አድርጉልን። የትኛው ፊት ለዓይን እንደሚታይ ከመታጠፉ በፊት ንገሩን። ሥዕሉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ብታደርጉበት እንኳን ይበቃናል።

አንባቢያችሁ፣ ላሜራ አጣፊው